ለመንጋጋ መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና ቢሊንግ (ከኢንሹራንስ ክፍያ የመጠየቅ ሥራ) ማንን ትጠቁሙኛላችሁ?

ሰላም ወገኖች፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። በቅርቡ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ተቀላቅሎናል። የሙሌትና የነቀላ ክሌም (ለኢንሹራንስ የሚላክ የክፍያ ጥያቄ) አያስቸግረኝም፤ የመንጋጋ መገጣጠሚያ የሆነው ግን ውድቅ እየሆነ ይመለስብኛል። የቢሊንግ ድርጅት ልያዝ ወይስ ሶፍትዌር ገዝተን እዚሁ ልሥራው?

— እህቴ፣ እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ የያዝነው የጥርስ ቢሊንግ ድርጅት ለክራውን እጅግ ጎበዝ ነበር። የመገጣጠሚያውን ቀዶ ግን በጥርስ ቅጽ ለጥርስ ኢንሹራንስ እየላከ ወራት አቃጠለብን። ይህን ቀዶ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንሱ ነው። በሲዲቲ፣ ማለትም በጥርስ ሕክምና ኮዶች፣ ዲ7873 የምትዪው አርትሮስኮፒ (በትንሽ ካሜራ የሚሠራ የመገጣጠሚያ ቀዶ) በሲፒቲ፣ ማለትም በጤና ሕክምና ኮዶች፣ 29804 ይሆንና ሲኤምኤስ-1500 በሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ቅጽ ይሄዳል። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሲገባ 21243 ነው። የበሽታውንም ኮድ ኤም26.63 ላይ አታቁሚው፤ የመገጣጠሚያው ዲስክ ችግር በቀኝ ኤም26.631፣ በግራ ኤም26.632፣ በሁለቱም ጎን ኤም26.633 ተብሎ ካልተጨረሰ አይቀበሉትም።

ስለዚህ የኔ ጥቆማ የአፍ ቀዶ ሕክምና ልምድ ያለው የጤና ቢለር ነው፤ በትርፍ ሰዓት ቢሆንም ይበቃሻል። ስታነጋግሪው «29804 ለሁለት ጎን ቢሠራ እንዴት ትልከዋለህ?» በዪው። «ኢንሹራንሱ የትኛው ነው?» ብሎ መልሶ ከጠየቀሽ ያዢው፤ አንዱ በአንድ መስመር ሞዲፋየር 50 (ሁለቱም ጎን መሠራቱን የሚያሳይ ተጨማሪ ኮድ) ይፈልጋል፣ ሌላው ቀኝና ግራውን ለየብቻ።

ከሶፍትዌር ዊንኦኤምኤስ ለአፍ ቀዶ ክሊኒኮች ተብሎ የተሠራ ነው። ኦፕን ዴንታልም የጤና ክሌም ያወጣል፤ ለናንተ መጠን እሱን እመርጣለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ኢንሹራንሱ ከቀዶው በፊት በሚሰጠው ቅድመ ፈቃድ ላይ ልፊ። ኤምአርአይው፣ የአፍ መከላከያውና ፊዚዮቴራፒው የተሞከሩበት ቀን፣ የታካሚዋ አፍ ስንት ሚሊሜትር እንደሚከፈት ሁሉ ደብዳቤው ላይ ይስፈር። ሁለቴ ውድቅ የተደረገች አንዲት ታካሚያችንን ይግባኝ ያስቀበለላት «22 ሚሊሜትር» የሚለው አንድ መስመር ነው። ምግቧን አጥሚት ላይ ብቻ አድርጋ ስንት ጊዜ እንደቆየች ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ የመንጋጋን መገጣጠሚያ ከሌላው የሰውነት መገጣጠሚያ ለይቶ መከልከልን አይፈቅድም። ይግባኝሽ ላይ ጥቀሺው። አሠሪው በራሱ ገንዘብ የሚከፍለው ፕላን ከሆነ ግን ሕጉ አይደርስበትም፤ ስትደውዪ መጀመሪያ ይህን አጣሪ።

— እግዜር ይስጥልኝ! ሚሊሜትሩን አንድም ቀን ጽፈን አናውቅም። የሲዲቲው መጽሐፍ አለን፣ የሲፒቲውም ያስፈልገናል?

— አዎ፣ ሁለቱም። በየጥር ወሩ ስለሚቀየሩ የዘንድሮውን ግዢ።