የፒት መሬት ቃጠሎ ልቀት፦ ለጋራ ፕሮፖዛሉ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁም። አራት ኪሎ ስንሰበሰብ የተስማማነው በርዕሱ ብቻ ነው፤ አሁን ይዘቱን እንሙላ። በኮንጎ ተፋሰስ መካከል ያለው ረግረግ 167,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የፒት መሬት ይዟል፤ በውስጡ 29 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን አለ። ፒት ውሃ ስለተኛበት ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት የተደራረበ የዕፅዋት ቅሪት ነው። በቦይ ተጠንፍፎ ከደረቀ ይነዳል። ቢነድ የሚወጣውን ጋዝና ጭስ የምንገምተው ግን በአብዛኛው በኢንዶኔዥያ በተለኩ ቁጥሮች ነው። የኮንጎውን ናሙና አስመጥተን እዚሁ ላቦራቶሪ እናቃጥል የሚል ሐሳብ አለኝ። ተቹት።

የጋዝ ትንተና፦ ርዕሱን እደግፋለሁ። የቁጥሩ ጉዳይ ግን በፕሮፖዛሉ መግቢያ ላይ በግልጽ ይቀመጥ። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የረግረግ መሬት ማሟያ መመሪያ፣ ለአንድ ኪሎ ደረቅ የሐሩር ክልል ፒት 21 ግራም ሚቴንና 210 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰላል። መነሻው የላቦራቶሪ ቃጠሎ ነው። በ2015 በኢንዶኔዥያ ማዕከላዊ ካሊማንታን ከሚነደው መሬት ላይ ሲለካ ሚቴኑ ወደ 9.5 ግራም ወረደ፣ ሞኖክሳይዱ ወደ 291 ወጣ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም 1,564 ግራም ሆነ።

በሄክታር እንየው። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከነደደና የአፈሩ እፍጋት በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ከሆነ፣ 300 ቶን ደረቅ ፒት ተቃጠለ ማለት ነው። ወደ 470 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በሁለቱ የሚቴን ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ብቻ በ100 ዓመት ስሌት ከ90 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያክላል። የአንድ አገር ሪፖርት በዚህ ልዩነት ይዛባል።

የመስክ ናሙና፦ አስተባባሪያችን ይቅር ይበሉኝና፣ ናሙናውን ወደዚህ ማምጣቱ አያዋጣም። የዕፅዋት ኳራንቲን ከውጭ የሚገባን አፈር በሙቀት አምክኑ ሊለን ይችላል፤ በሙቀት ያለፈ ፒት ደግሞ ውሃ መልሶ አይጠጣም። ደርቆ የተፈጨ ፒት በነበልባል ሊነድ ይችላል፣ ረግረጉ ላይ ያለው ግን ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል። የሚወጣው ጋዝ የተለያየ ነው። ስለዚህ የማቃጠያ ሳጥኑን እዚያ እንውሰደው። 20 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 የሆነ ብሎክ ሳይገለበጥ ይቆረጥ፣ በፕላስቲክ ይጠቅለል፣ ከጎኑ ትንሽ ተወስዶ እርጥበቱ ይለካ። እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 100 በመቶ ገደማ ካለፈ እሳቱ በራሱ ለመቀጠል ይቸገራል፤ ከዚያ በታች ሦስት የእርጥበት ደረጃ ይበቃናል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ መሬቱ ላይ በፍጹም እሳት አንለኩስም። ቃጠሎው ሁሉ በሳጥን ውስጥ ይሁን፣ አመዱም ውሃ ጠጥቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ።

የብናኝ ልኬት፦ ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ የእኔም ክፍል በዚያው ይቃናል። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ዝቅ ይላል፤ ረግረጉ ግን ከ400 ሜትር በታች ነው። እዚህ የተስተካከለ የፓምፕ ፍሰት እዚያ እንደገና መለካት አለበት። የሳይክሎኑ (ትልልቁን ብናኝ የሚያስቀረው መግቢያ) 16.7 ሊትር በደቂቃ በቦታው ግፊት የሚለካ መጠን ነው፤ የፍሰት መቆጣጠሪያው በመደበኛ ሊትር (በተወሰነ ግፊትና ሙቀት በተሰላ መጠን) የሚያነብ ከሆነና ካልቀየርነው የብናኙ ክምችት ይሳሳታል። ጋዙ በፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ)፣ ብናኙ በማይክሮግራም በሜትር ኩብ ስለሚመጣ ሁለቱን በአንድ ግፊትና ሙቀት ሳናመጣ ማካፈል የለብንም።

ፊልተሩ ሁለት ዓይነት ይሁን፦ ለክብደት ቴፍሎን፣ ለካርቦን ኳርትዝ። ኳርትዙ በ550 ዲግሪ ለሰዓታት ይጋገር። ጭሱ ውስጥ ያለው የኦርጋኒክ ትነት ኳርትዝ ላይ ስለሚጣበቅ፣ ከኋላው ሁለተኛ ፊልተር ካላኖርን ከመጠን በላይ እናነባለን። የፒት ጭስ ሬንጅ የመሰለ ነው፤ ሳይቀጥን ከገባ ፊልተሩ ይደፈናል፣ ፍሰቱ ይወርዳል። በንጹሕ አየር አሥር እጥፍ እናቅጥነው። ለማነጻጸሪያ፣ በዚያው በ2015 በካሊማንታን በኪሎ 17 ግራም ገደማ ፒኤም 2.5 (ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ብናኝ) ተለክቷል።

በጀት፦ ሁለት የታሰበውን የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ አንድ ብናደርገውስ?

የጋዝ ትንተና፦ አይሆንም። ስሌቱ በሙሉ የሚቆመው በካርቦን ሚዛን ላይ ነው፦ የወጣው ካርቦን በየጋዙ ምን ያህል እንደተከፋፈለ። ዝቅተኛውን ክምችት የሚለካው መሣሪያ ጭሱ ሲከብድ ከጣሪያው በላይ ይሆናል፤ ከፍተኛውን የሚለካው ደግሞ የጀርባውን አየር አያይም። የቃጠሎውን ዓይነት የምንለየውም በሞኖክሳይዱ ነው። የዳይኦክሳይዱ ድርሻ ከዳይኦክሳይዱና ከሞኖክሳይዱ ድምር ከ0.9 በታች ከሆነ ጭሳማ ቃጠሎ ነው፤ ካሊማንታን ላይ 0.77 ገደማ ነበር። ከመቀነስ ይልቅ ለማመሳከሪያ ጋዝ ሲሊንደር ጭነት ጨምሩ፤ በአውሮፕላን የሚሄደው እንደ አደገኛ ዕቃ ነው።

የሳተላይት መረጃ፦ በኪሎ የሚወጣው ጋዝ ምጣኔ ቢስተካከልም ትልቁ ስህተት የነደደው ጥልቀት ላይ ነው። ሳተላይት ትኩስ ነጥብን በ375 ሜትር ፒክስል ያያል፤ ከመሬት በታች የሚጨስን እሳት በጭስና በደመና ተሸፍኖ ያልፈዋል። በ2006 ካሊማንታን ላይ በሌዘር የተለካው አማካይ ጥልቀት 33 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ በ18 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ፕሮፖዛሉ ልቀቱን በአንድ ቁጥር ሳይሆን በወሰን እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ።

አስተባባሪ፦ ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ሳጥኑ ወደ ኮንጎ ይሂድ። አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው የፊልተር ዝግጅት፣ ምዘናና የካርቦን ትንተናው ነው። የመስክ ክፍሉን ጋሼ፣ የልኬቱን የጋዝና የብናኝ ባልደረቦች በአንድነት፣ የስህተት ወሰኑን የሳተላይት ክፍል ይጻፉ። ሁለተኛው የሞኖክሳይድ መለኪያ በጀት ውስጥ ይቆያል። ያልተቆረጠው የፈቃዱ ጉዳይ ነው፦ ብሎኩን ለመቁረጥ ከየትኛው አገር ጋር እንጀምር፣ ከኪንሻሳው ኮንጎ ወይስ ከብራዛቪሉ ኮንጎ? በዚህ ላይ አስተያየታችሁን ጻፉ።