በረጅም ጊዜ የካፒታል ዕቅድ ዝግጅት ላይ ተቸግሬያለሁ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ጅማ አቅራቢያ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ የመሠረተ ልማት ዕቅድ ባለሙያ ነኝ። እስካሁን በየዓመቱ የሚከለሰውን የ3 ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ (እንደ መንገድና ቦይ ባሉ ዘላቂ ሥራዎች ላይ የሚወጣውን ገንዘብ የሚያሳይ ዕቅድ) ስናዘጋጅ ቆይተናል፤ አሁን ግን ከ10 ዓመቱ መዋቅራዊ ፕላን (የከተማዋን የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መንገዶች ከሚወስነው ፕላን) ጋር የሚጣጣም የረጅም ጊዜ ዕቅድ እንዳዘጋጅ ታዝዤ፣ የንብረት መዝገቡ ላይ ስደርስ መቀጠል አቅቶኛል።

መዝገቡ የመንገዱን ርዝመትና ስፋት እንጂ የተሠራበትን ዓመትም ሆነ የወጣበትን ገንዘብ አይዝም። ባለፈው ክረምት ከገበያው በታች ያለውን ኮብልስቶን በእግሬ ስዞር፣ ቦዩ በደለል በመሞላቱ ጎርፉ በመንገዱ ላይ እየሄደ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን አሸዋ ጠርጎ ወስዶት፣ ድንጋዮቹ በእጅ ሲነኩ ይነቃነቁ ነበር። በእኛ አካባቢ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚጥል፣ ቦዩ በበጋው ቢጠረግ ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር። ነዋሪው ከኪሱ ያዋጣበት መንገድ ነውና በጣም አዝኛለሁ።

ሆኖም በዕቅድ ውይይት ላይ ሁሉም የሚጠይቀው አዲስ መንገድ ነው፤ ጥገና ከመደበኛው በጀት ይሸፈናል ተብሎ ይታለፋል፣ እዚያም ደመወዝ ይቀድመዋል።

ስለዚህ የግንባታ ዓመቱ ያልታወቀን መንገድና ቦይ ቀሪ የአገልግሎት ዘመን አሁን ካለበት ሁኔታ ብቻ ተነሥታችሁ እንዴት እንደምትገምቱ፣ የመተኪያ ዋጋውንስ በዛሬ ገበያ አስልቶ ለዋጋ ንረት መጠባበቂያ መያዝ ይበቃ እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥገናን ከአዲስ ግንባታ ጋር በአንድ መመዘኛ ያወዳደራችሁ ካላችሁ የነጥብ አሰጣጡን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ረቂቁን የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት ማቅረብ ይጠበቅብኛል።