የእናቴን የግብር ቁጥር በተመለከተ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ የምትኖረው እናቴ ግብሯን ኦንላይን ስታስገባ ተመለሰባት። ለካ ሌላ ሰው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯ ቀድሞ አስገብቷል! ፎርም 14039 (የማንነት ስርቆት ማሳወቂያ) ሞልተን ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ልከናል፤ የእሷንም በወረቀት አስገብተናል።

አሁን የምንፈልገው አይአርኤስ የሚሰጠውን፣ አይፒ ፒን የሚባለውን ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ነው። አንዴ ከተሰጣት፣ ያለ እሱ በስሟ ኦንላይን የሚላክ የግብር ፎርም ሁሉ ይመለሳል። በየዓመቱም ይቀየራል፤ ይሄ ደስ ይላል። ግን የኦንላይን ማንነት ማረጋገጫው ፊቷን አልቀበል አለ። ስልኳም በእኔ ስም ነው።

አይፒ ፒን በወረቀት የሚጠየቅበት ፎርም 15227 እንዳለ አውቃለሁ፤ ገቢዋም ከገደቡ በታች ነው። ችግሩ፣ አይአርኤሶች ማንነቷን ለማረጋገጥ የሚደውሉት ለራሷ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ይከብዳታል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ አላችሁ? አማርኛ አስተርጓሚ መስመር ላይ አስገቡላችሁ? ወይስ ቀጠሮ ይዘን መታወቂያዎቿን ይዛ አይአርኤስ ቢሮ በአካል ብትቀርብ ይሻላል? በጣም ተጨንቃለች፤ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።