ክላሽ አንግቶ የሚሄድን ሰው ፖሊስ ሲያስቆመው፦ ከሁለቱም ወገን ምን ይጠበቃል?

የመሐል ሜዳው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በእኛ አገር፣ ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ መሣሪያ አንግቶ ገበያ መውጣትም ለቅሶ መድረስም የኖረ ነው። አሁን ግን መንገዱ ሁሉ ኬላ ሆኗል። ፈቃድ ያለው ገበሬ ክላሹን ይዞ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ፖሊስ «ቁም!» ቢለው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምን ማድረግ አለበት? ፖሊሱስ እስከ ምን ድረስ ይፈቀድለታል? መሣሪያው ቢወሰድበትስ? «ዝም ብለህ ታዘዝ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከዚያ ያለፈ ዝርዝር የሚያውቅ ይጻፍልን።

ወንድይፍራው፦
መቆሙማ ግልጽ ነው፤ ሰው የሚሞተው በአቋቋሙ ነው። ክላሹ በአንገት ተሻግሮ ደረት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ሰውየው ወደ ድምፁ ዞር ሲል አፈሙዙም አብሮት ይዞራል። ፖሊሱ ዓይን ውስጥ የሚገባው የዞረ አፈሙዝ እንጂ የዞረ ሰው አይደለም። ስለዚህ እግር ባለበት ይቁም፣ አንገት ብቻ ይዙር፣ ሁለቱ እጆች መዳፋቸው ተከፍቶ ከሰውነት ይራቁ። ከዚያ ጮክ ብሎ፦ «መሣሪያ ይዣለሁ፣ ፈቃድ አለኝ፣ ምን ላድርግ?»

በደጋው ትልቁ ችግር ጋቢ ነው። ብርድ ስለሆነ ሰው መሣሪያውን ከነእጁ በጋቢ ይሸፍነዋል። «ቁም» ሲባል ጋቢውን ገለጥ ለማድረግ እጁን ከውስጥ ያንቀሳቅሳል፣ ከውጭ ለሚያየው ግን ቃታ የሚፈልግ እጅ ነው። ኬላ ከመድረስ በፊት፣ ገና ከሩቅ፣ ጋቢው ወደ ትከሻ ይጣል፣ መሣሪያው ይታይ። ከቆሙ በኋላ ግን ጋቢውን የሚነካው ፖሊሱ ይሁን።

ፈቃዱን ደግሞ ማንገቻው በሚያልፍበት በደረት ኪስ አታድርጉት፤ ወረቀቱን ለማውጣት መሣሪያውን መግፋት ይመጣል። ማንገቻው ከማያልፍበት ጎን፣ በውጭ ኪስ ይሁን። እጅ ወደ ኪስ ከመግባቱ በፊትም «ወረቀቱ እዚህ ኪሴ ነው፣ ላውጣ?» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ።

«ጥይቱን አውጣ» ከተባለ ብዙ ሰው ከድንጋጤ የተነሣ መጀመሪያ ማጉረሻውን (ጥይት ለማጉረስ የሚሳበውን እጀታ) ይስባል። ካርታው (ጥይት መያዣው) ሳይነቀል ማጉረሻው ተስቦ ሲለቀቅ ክላሹ ከካርታው አዲስ ጥይት ይጎርሳል፤ ባዶ ያደረገው የመሰለው መሣሪያ ለተኩስ ዝግጁ ሆነ ማለት ነው። ካርታው ይቅደም፣ ቀጥሎ ማጉረሻው ተስቦ የጎረሰው ይውጣ፣ ከዚያ ውስጡ በዓይን ይታይ። ባዶነቱን ለማረጋገጥ ብሎ ቃታ መሳብ በፍጹም። ሌላም አለ፦ የክላሽ መቆለፊያ ያለው በቀኝ ጎን፣ ከቃታው በላይ ነው። «ልቆልፈው» ብሎ እጅ መስደድ ለመተኮስ እንደ መዘጋጀት ይታያል፣ «ቀጭ» የሚለው ድምፁም ጎልቶ ይሰማል። ሳይናገሩ አይነካም። ከሁሉ የሚሻለው ፖሊሱ ራሱ ከትከሻ አውርዶ ባዶ ቢያደርገው ነው።

ጠበቃ ከደብረ ብርሃን፦
በሕጉ በኩል ልጨምር። መሠረቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አባት ያወረሰውም ይሁን በሬ ተሽጦ የተገዛ፣ ፈቃድ ከሌለው ሕገ ወጥ ነው። ፈቃድ ኖሮም ሕዝብ በተሰበሰበበት በዓል፣ ሰልፍና ስብሰባ ይዞ መገኘት ሌላ ጥፋት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜው ቢያልፍም ግጭቱ ባለመብረዱ የየወረዳው የጸጥታ መመሪያ ይለዋወጣል። ከቤት ከመውጣት በፊት ቀበሌውን መጠየቅ ግድ ነው። የእኔን ምክር ከጠየቃችሁኝ፣ በዚህ ሰሞን መሣሪያው ቤት ይቀመጥ። ፈቃድ ከጥይት አያስጥልም።

ፖሊስ የሚታይ መሣሪያ ያነገተን ሰው አስቁሞ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። በዚያው ሰበብ ቤት ገብቶ መበርበር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል፣ ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ከተያዙ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 አለ፦ ምክንያቱ በሚገባችሁ ቋንቋ ይነገራችኋል፣ ዝም የማለት መብት አላችሁ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ትቀርባላችሁ። ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ከ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም፤ ቢሆንም ወረዳው ከተማ ላይ ፍርድ ቤት እያለ መንገድን ሰበብ አድርጎ ሳምንት ማሰር አይቻልም።

የቀወቱ፦
ሁላችሁም ባለ መሣሪያውን ብቻ መከራችሁ። ከፖሊሱ በኩል የሚበላሸውም ይነገር እንጂ። አንዱ «እጅህን አንሣ!» ሲል ሌላው «መሣሪያህን አውርድ!» ይላል። ሰውየው ሁለተኛውን ለመፈጸም እጁን ዝቅ ሲያደርግ የመጀመሪያውን እንደጣሰ ይቆጠራል። ይህን የሚያድነው አንድ ነገር ነው፤ የሚናገረው አንድ ፖሊስ ብቻ ይሁን። ሌላው ዝም ብሎ በተጠንቀቅ ይጠብቅ፣ እሱም ከጎን በኩል ይቁም። ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው ሰውየውን መሀል ካደረጉት፣ ቢተኮስ የሚመታው ባልደረባው ነው። ትእዛዙም አንድ በአንድ ይሁን፤ የመጀመሪያው ሳይፈጸም ሁለተኛው አይሰጥ።

በተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ የጸደቀው የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መርህም ያው ነው፦ ፖሊስ ማንነቱን ይግለጽ፣ ሊተኩስ መሆኑን በግልጽ ያስጠንቅቅ፣ ማስጠንቀቂያው የሚሰማበትም ጊዜ ይስጥ፤ ይህን ማድረጉ ሕይወትን ለአደጋ የሚጥል ካልሆነ በቀር። መሣሪያ በትከሻ መታየቱ ብቻውን ለመተኮስ ምክንያት አይሆንም። ይህን በየኬላው ለሚቆም ወጣት ፖሊስ ደጋግሞ ማስተማር የሕይወት ጉዳይ ነው።

የመሐል ሜዳው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጆሯቸው የማይሰማ አባቶችስ? «ቁም» ሲባሉ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ወንድይፍራው፦
እሳቸው መሣሪያ ይዘው ብቻቸውን አይውጡ። የሚሰማ ልጅ አብሮ ይሂድ፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ ሁለት እርምጃ ቀደም ብሎ። ትእዛዙን የሚቀበለውም የሚመልሰውም እሱ ይሁን፤ «ጋሼ አይሰሙም» ብሎ ከሩቅ ይናገር። እሳቸውን ክንድ ይዞ ለማስቆም ግን ከኋላ አይሩጥ፣ ሩጫው ራሱ ያስደነግጣል።

ጠበቃ ከደብረ ብርሃን፦
መሣሪያው ሲወሰድ ያለው ቀረ። ያለ ርክክብ ወረቀት እንዳትለቁ፤ መንገድ ላይ ካልሆነ ጣቢያ ደርሳችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ የመሣሪያውን ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩን፣ የካርታውንና የጥይቱን ብዛት፣ ቀኑን፣ የተረካቢውን ስምና ማዕረግ፣ ፊርማና ማኅተም ይያዝ። የክላሽ ካርታ 30 ጥይት ስለሚይዝ «ካርታ ከነጥይቱ» ተብሎ አይጻፍ፤ ፊታችሁ ተቆጥሮ ቁጥሩ ይስፈር።

መለያ ቁጥሩ ላይ ብዙ ሰው ይታሰራል። ዋናው ቁጥር ያለው በግራ ጎን፣ ካርታው ከሚገባበት ከፍ ብሎ ነው። የላይኛው ሽፋን ላይም ቁጥር ሊኖር ይችላል፣ ሽፋኑ ከሌላ ክላሽ ተወስዶ የተቀየረ ከሆነ ግን ከዋናው ጋር አይገጥምም። ፖሊሱ የሽፋኑን ቁጥር ከፈቃዱ ጋር አስተያይቶ «የሰው መሣሪያ ነው» ሊል ይችላል። ጎኑን እንዲያይ በትሕትና አሳዩት፣ በጣት ሳይሆን በቃል። ዝገት ወይም ቀለም ቁጥሩን ከሸፈነው ቤት ሳላችሁ በጨርቅና በጋዝ ጥረጉት። በሞረድ አትፋቁት፤ የተፋቀ ቁጥር ያለው መሣሪያ ላይ የሚያሳምን ማብራሪያ ማቅረብ ከባድ ነው።