ድመቴ 4 ወልዳ አንዱ አልወፍር አለ፤ የላም ወተት ልስጠው?

ሰሚት_72፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድመቴ ጥቅምት 28 ለሊት ቁም ሳጥን ውስጥ 4 ወለደች፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። በኩሽና ሚዛን ስመዝናቸው ሦስቱ 118፣ 112 እና 109 ግራም ናቸው። አራተኛው 74 ነው፣ ትናንትም 74 ነበር። ሌሎቹ እየገፉ ያስወጡታል፣ እግሩን ስነካው ይቀዘቅዛል። ጎረቤት የላም ወተት በስኳር በጥብጠሽ በጡጦ አጠጪው አለችኝ። እናትየው የምትበላው የተቀቀለ ሳንባና ከእኛ የተረፈ እንጀራ በወጥ ነው። ደግሞ ሁለቴ ልጆቿን በአፏ እያንጠለጠለች አልጋ ስር ወሰደቻቸው። የምታውቁ እባካችሁ ምን ላድርግ?

ቆርኪ፦
እህቴ፣ ከወተቱ በፊት ሙቀቱ ይቅደም። ትንሿን ጣትሽን አፉ ውስጥ አስገቢ፤ ውስጡ ከቀዘቀዘ ምንም ነገር እንዳታጠጪው። የቀዘቀዘ ግልገል አንጀቱ መሥራት ያቆማል። የገባው ወተት ሳይፈጭ ይቀመጥና ሆዱን ይነፋዋል፣ ወደ ላይ ተመልሶም ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። እስከ 3 ሳምንት ገደማ የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኙበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ መሆን አለበት። የአዲስ አበባን የጥቅምትና የህዳር ለሊት ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ትንሹን ደረትሽ ላይ ልብስሽ ውስጥ ክተቺውና ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀስ ብሎ ይሙቅ። ለጎጇቸው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሙዪ (የፈላ አይሁን፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል)፣ ካልሲ አልብሺውና በፎጣ ጠቅልዪው። ካርቶኑ ውስጥ በአንድ ጥግ ብቻ አስቀምጪው፤ ሲበዛባቸው ተስበው የሚሸሹበት ቦታ ይኑር። በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ውሃውን ቀይሪ፣ የቀዘቀዘ ሃይላንድ መልሶ ሙቀታቸውን ይወስዳል። የከሰል ማንደጃ ግን በፍጹም። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው ጋዙ እነሱንም እናንተንም ይገድላል።

ሲሞቅ የእናቱ የኋላ ጡት ላይ አድርጊው፣ ወተቱ የሚበዛው እዚያ ነው። ትልልቆቹን ለ20 ደቂቃ ለብቻ ለይተሽ ሞቅ ባለ ቦታ አቆዪያቸው። በትክክል ሲጠባ ጆሮዎቹ በዋጠ ቁጥር እርግብ እርግብ ይላሉ፣ የፊት እግሮቹም ጡቱን ይጫናሉ። ጡቱን ይዞ ጆሮው ዝም ካለ ወተት እያገኘ አይደለም።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኚና ጻፊ። ጤነኛ ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል። ለ24 ሰዓት ባለበት ከቆመ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል፤ የእናንተው ስለዚህ ያስፈልገዋል።

የላም_አይደለም፦
ቆርኪ ባለው ላይ ስለ ወተቱ ልጨምር። የድመት ወተት በፕሮቲንም በስብም ከላም ወተት ይበልጣል። የላሙ ደግሞ በውስጡ ያለው የወተት ስኳር ያስቀምጣቸዋል፣ ስኳር ስትጨምሪበት ይብሳል። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ በአንድ ቀን ውስጥ ውሃቸውን ይጨርሰዋል። ለግልገል ድመት የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ካገኘሽ እሱን በመመሪያው ልክ በጥብጪ። እስክታገኚ ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ፦ 250 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ስቡ ያልተቀነሰ ወተት፣ 2 የእንቁላል አስኳል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት። በደንብ ምቺና አጥልዪው፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ አታቆዪው።

ጡጦው ለአፉ ትልቅ ነው። መርፌው የወጣለት የ1 ሚሊ ስሪንጅ ይሻላል። ለብ አድርገሽ (38 ዲግሪ ገደማ) በየ3 ሰዓቱ ከ2 ሚሊ ሳትበልጪ ጠብታ በጠብታ ስጪው። በሆዱ ተኝቶ፣ ራሱ ትንሽ ቀና ብሎ ይሁን። እንደ ሕፃን በጀርባው ካስተኛሽው ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። በአፍንጫው ከወጣ ወዲያው አቁሚና ራሱን ዝቅ አድርጊው።

ሽንቱን ተመልከቺ። እናቱ ካልላሰችው ለብ ባለ ውሃ በነከርሽው ጥጥ ከጅራቱ ስር አሽዪው። ሽንቱ ነጣ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ውሃ አንሶታል።

ቤት_ያለች_ሐኪም፦
እኔን ያሳሰበችኝ እናትየው ናት። ወጥ ዛሬውኑ ይቁም! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ የበሰለም ቢሆን። ሳንባ ብቻውን ደግሞ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። 3 እና 4ኛው ሳምንት ላይ ወተቷ ጫፍ ስለሚደርስ ከተለመደው ሁለት ሦስት እጥፍ መብላት አለባት። ልብ በዪ፣ ያ ጊዜ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው፤ የእሷን ስጋ ከወዲሁ ገዝተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ።

በቀን 4 ጊዜ፦ የተቀቀለ ቀይ ስጋ፣ ልብ፣ ሳንባውም እንደ ማሟያ፣ የተቀቀለ እንቁላል። ጉበት በሳምንት አንዴ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። መረቁን አትድፊው፤ ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልጋት ታውሪን ሲቀቀል ወደ ውሃው ይወጣል። ጨው አይግባ። ለ500 ግራም ስጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ጨምሪ፣ ቅርፊቱን ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ፣ እንደ ዱቄት አልመሽ። ለግልገል ድመት የሚሸጠው ደረቅ ምግብ ከተገኘ ከዚህ ሁሉ ይቀላል፣ ቅርፊቱም አያስፈልግም።

ብታለከልክ፣ እግሯ ቢገተር፣ ብትንዘፈዘፍ ካልሲየሟ ወርዷል ማለት ነው። ልጆቹን ለይተሽ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰጃት፤ መርፌው በቀስታ በደም ሥር ይሰጣል፣ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ጡቷ ቢጠነክር፣ ቢግልና ቢቀላም እንዲሁ። ከወሊድ በኋላ ቀላ ያለ ቡናማ ፈሳሽ ለሁለት ሳምንት ገደማ የተለመደ ነው፤ ከሸተተ ማህፀኗ ታሟል። ትኩሳት አላት ብለሽ ፓራሲታሞል እንዳትሰጫት፣ ድመትን ይገድላል።

አልጋ ስር መውሰዷ ቁም ሳጥኑ ስላልተመቻት ነው። አትመልሺያቸው። ካርቶኑን እሷ የመረጠችው ቦታ አስገቢ፤ በሩን ከወለሉ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ቁረጪው፣ እሷ ትዘለዋለች፣ ልጆቹ አይወድቁም። ጎብኚ ይቀነስ።

ሰሚት_72፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ 81 ገባ! ሽንቱም ነጣ ብሏል። ግን የእናቱ ቁንጫ ልጆቹ ላይ አየሁ፣ ቤት ውስጥ የውሻ ቁንጫ ማጥፊያ ዱቄት አለ።

ቆርኪ፦
7 ግራም ጥሩ ጅምር ነው፣ 10 ሲደርስ ስሪንጁን ቀስ በቀስ ቀንሺ። የውሻውን ዱቄት ግን አትንኪው። ብዙዎቹ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ አለባቸው፣ ድመትን ያንዘፈዝፋል፣ ይገድላል። በቁንጫ ማበጠሪያ አበጥሪያቸው፣ ማበጠሪያውን በየጊዜው የሳሙና ውሃ ውስጥ ንከሪ፣ አንሶላቸውን በፈላ ውሃ እጠቢ። ቸል አትበዪው፤ ቁንጫ ሲበዛ የዚህን ያህል ትንሽ ግልገል ደሙን ይጨርሰዋል፣ ድዱ ከነጣ ወደ ሐኪም ነው።

3 ሳምንት ሲሞላቸው የወስፋት መድኃኒት (ፒራንቴል፣ በክብደታቸው ልክ ሐኪም ይለካላችሁ) ለእናትየውም ጭምር፣ ከዚያ በየ2 ሳምንቱ። እስከ 8 ሳምንት ለማንም እንዳትሰጪ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 12 ሳምንት ላይ። እናትየዋን ከቤት አታስወጪያት፣ እያጠባችም ታረግዛለች።