ለኤይላትም ለሲያትልም የሚሆን አንድ የመንሳፈፊያ ከረጢት አለ?

የባሕር ዳር ልጅ፦
ስሜ አያታልላችሁ፤ ጣናን ከላዩ እንጂ ከሥሩ አይቼው አላውቅም። መጥለቅ የተማርኩት እስራኤል፣ ኤይላት ነው። የቀይ ባሕር ውሃ እዚያ በብርዱ ወራት 21፣ በሙቀቱ ወራት 27 ዲግሪ አካባቢ ነው። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመጥለቂያ ልብስ፣ ለመስመጥ የምታጠቀው ጥቂት የእርሳስ ክብደት፣ ጀርባዬ ላይ አየር ሲሞላ 12 ኪሎ የሚያነሳ ከረጢት፤ በቃ። አሁን ግን ሲያትል ወዳለችው እህቴ ልሄድ ነው። የዚያ ውሃ 10 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ 7 ሚሊሜትር ልብስ ከነቆቡ መልበሴ አይቀርም። ዕቃ ሻጩ «27 ኪሎ የሚያነሳውን ግዢ፣ ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። እውነቱን ነው?

ቀዝቃዛ እጅ፦
እህቴ፣ ለኪሱ ይሆናል ማለቱ ነው።

ከረጢቱን የሚወስነው የውሃው ሙቀት ሳይሆን የምትለብሺው ነው። ልብሱ የሚሠራበት ጎማ፣ ኒዮፕሪን፣ በጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች የተሞላ ነው። ግፊቱ 10 ሜትር ላይ እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ሲሆን አረፋዎቹ ይጨመቃሉ፤ ልብሱም ማንሳፈፉን ይተዋል። የታጠቅሽው እርሳስ ግን አይቀንስልሽም። ጉድለቱን የሚሞላው ከረጢቱ ነው። የ3 ሚሊሜትር ልብስ ጉድለት ትንሽ ስለሆነ እስካሁን አልተሰማሽም።

የእኔ 7 ሚሊሜትር ልብስ ከነቆቡ እንዲሰምጥ 10 ኪሎ እርሳስ ፈልጓል። ሁሉንም ያጣል ብለሽ ያዢ። በዚያ ላይ 12 ሊትር የመተንፈሻ አየር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ አየሩ ብቻውን 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 13 ሆነ፤ ያንቺ 12 አይበቃም። እኔ 18 ኪሎ በሚያነሳ ሰባት ዓመት ጠልቄበታለሁ።

ሁለት ልብስ፦
ስሌቱ ትክክል ነው። 12ቱን ግን አትሽጪው። እኔ ያንን 27 ኪሎ ገዝቼ በስስ ልብስ ቀይ ባሕር ውስጥ ገባሁበት። ጠርዞቹ ሲሊንደሩን እንደ ጋቢ ተጠቀለሉበት፤ አየሩም እጥፋቱ ውስጥ ተሸሽጎ አልወጣ አለኝ። ወደ ላይ ስመለስ እንደ ደንቡ 5 ሜትር ላይ ልቆም ስል ራሴን ከማዕበሉ ላይ አገኘሁት። የጀርባው ብረትና ማሰሪያው አንድ ሆኖ ከረጢቱን ብቻ መቀያየር ይቻላል፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ደግሞ እርሳሱን ሁሉ ከጀርባ ዕቃሽ ጋር አትሰሪው። ውሃው ላይ ብታወልቂው ከረጢቱ ሙሉውን ሲሊንደርና እርሳሱን ብቻውን መሸከም አለበት። ከፊሉ ቀበቶሽ ላይ ይሁን።

የባሕር ዳር ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ 18 ይሁን። ልብሱን ግን የምከራየው ነው። ቀዝቃዛ እጅ፣ ያንተ ሲለካ አዲስ ነበር?

ቀዝቃዛ እጅ፦
አዲስ ነበር። አሁን 8 ኪሎ እንኳ አይፈልግም፤ ኒዮፕሪን በተጠለቀበት ቁጥር ይሟሽሻል። የተከራየሽውን ራሱን ለኪው። ውሃ ውስጥ ጨምቀሽ አየሩን አስወጪ፣ መረብ ውስጥ ክተቺ፣ እስኪሰምጥ እርሳስ ጨምሪበት። እኔ የእህቴን መታጠቢያ ገንዳ ነበር የተጠቀምኩት፤ እስካሁን ትወቅሰኛለች።