ጋራዥ መሄድ ስትከለከሉ ቤት ውስጥ እጃችሁን በምን ታፍታታላችሁ?

ባለ ቮልሱ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። እግሬ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነኝ። መኪና ገጭቶኝ አይደለም፣ ክሪክም ተንሸራቶብኝ አይደለም። የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ነው ያዳለጠኝ። ሐኪሙ «እግርህን ከፍ አድርገህ ተቀመጥ» ብሎ አሰናበተኝ። መቀመጥ ደግሞ ከድሮም አይሆንልኝም።

ለማታውቁኝ፦ የ1967 ሞዴል (በፈረንጅ ነው) ቮልስ አለችኝ። 1300 ናት። ኮተቤ አጎቴ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሞተሯ ወርዷል፣ ወንበሮቹ ወጥተዋል፣ የግራ በሯ ባትላሜራ (ቦዲ አቃኙ) ጋ ነው። ቅዳሜና እሁዴ እዚያ ነበር የሚያልቀው። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ሶፋ ላይ ተዘርሬ ከልጆቼ ጋር ካርቱን አያለሁ። ዘፈኖቹን ሁሉ በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

«መጽሐፍ አንብብ፣ ፊልም እይ» እንዳትሉኝ። ሥራ የፈታው እጄ ነው። ትሪ ላይ የሚሠራ፣ የማይጮህ፣ ሚስቴን ከቤት የማያስወጣ ነገር ንገሩኝ። ባለፈው የበር ቁልፍ ፈትቼ በነጭ ጋዝ ሳጥብ ቤቱ ለሁለት ቀን ሸተተ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋዝ የሚባል ነገር ደጃችንን አይረግጥም። ለመኪናዋ የሚጠቅም ቢሆን እሰየው፣ ባይሆንም ግድ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእህቴ ልጅ ኮተቤ እየሄደ የምለውን ፈትቶ ያመጣልኛል። ቁልፍ መያዝ ያውቃል። የቱን እንደሚፈታ ግን ሊነገረው ይገባል።

ፑንቲና

እግዜር ይማርህ ልጄ። እኔ ከመካኒክነት ጡረታ ወጥቻለሁ። ጉልበቴ እምቢ ስላለ አሁን ጋራዥ የምሄደው ለወሬ ነው። ችግርህ ይገባኛል።

ካርቡራተሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን፣ አስመጣው። 1300 ላይ የሚገኘው ሶሌክስ 30 ፒክት ነው፣ ማንም ካልቀየረው። ለትሪ ሥራ የሱን ያህል የሚመች የለም። ልጁ ግን ቤንዚኑን እዚያው ያንጠፍጥፈው፣ ግቢ ውስጥ ይጠበው፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቀው። ቤት ውስጥ ቤንዚን አይከፈትም! ቡና ይፈላል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ይጨሳል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ሄዶ ከሰሉ ጋ ይደርሳል። ሚስትህ እውነቷን ነው። አንተ በሙቅ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትጨርሰዋለህ። ከዚያ ቶሎ ማድረቅ ነው፣ ብረት ብረቱ እንዳይዝግ።

የእንቁላል ካርቶን ይኑርህ። የፈታኸውን በቅደም ተከተል ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጥ፣ ስትገጥም ከመጨረሻው ትነሳለህ። የቤንዚን ሳህኑ ጎን ላይ ያለውን ብሎን ስትፈታ ከውስጥ ዋናዋን ጂግለር ታገኛለህ፣ ቤንዚኑን በቀዳዳዋ የምትመጥን ትንሽ ናስ ናት። ላይዋ ላይ ቁጥር አለ። በአጉሊ መነጽር አንብበህ ደብተር ላይ ጻፈው። እዚህ አገር ከሌላ ካርቡራተር የተነቀለ ጂግለር የተገጠመባት ቮልስ ስንት አይቻለሁ። ባለቤቱ «ቤንዚን ትጠጣለች» እያለ ያማርራል፣ ፒስተን ይቀይራል፣ ካንዴላ ይቀይራል። ጥፋቱ እዚያች ናስ ላይ ነው። ከተደፈነች በጎማ መንፊያ ንፋት። ሽቦ እንዳታስገባባት! ቀዳዳዋ ይሰፋል፣ ከሰፋ አለቀላት።

ከታች ያለውን የነዳጅ መስጫ ዘንግ ደግሞ በሁለት ጣትህ ይዘህ ነቅንቀው። ከተንገዋለለ አየር ያስገባል፣ ሞተሩም ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳትሰጠው፣ አይረጋም። ያ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው፣ አንተ ማወቁ ይበቃሃል።

ጓርኒሲዮኑን፣ በሽፋኑ መሀል የሚገባውን የወረቀት ማሸጊያ፣ ራስህ ቁረጠው። ወረቀቱ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። የሽፋኑን ጠርዝ ስስ አድርገህ ግራሶ ቀብተህ ወረቀቱ ላይ ትጫነዋለህ፣ ቅርጹ ይታተማል። በአዲስ ምላጭ ቀስ እያልክ ትከተለዋለህ። ለቀዳዳዎቹ ልክ የሚሆን ስስ ቧንቧ ጫፉን ሞርደህ ብትመታበት ንጹሕ አድርጎ ይበሳልሃል። እኔ አሁንም ማታ ማታ ይህን እቆርጣለሁ። ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ መሳቢያ ሙሉ አለኝ።

ክረምት በሜሪላንድ

ይማርህ ወንድሜ። እኔ እግሬ ደህና ነው፣ ግን እዚህ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ጋራዤ ማሞቂያ ስለሌለው ያው ታስሬአለሁ። ቀለም በዚያ ብርድ አይደርቅም፣ ጣትም አይታዘዝም። የኔዋም ቮልስ ናት። አባቴ አዲስ አበባ እንዲህ ዓይነት ነበረው፣ ሌላ መኪና አልገዛም ብዬ ነው።

ሽቦ ሥራ። እውነቴን ነው የምልህ፣ የሽቦ ሥራ ከሹራብ ይበልጣል።

መጀመሪያ የመኪናህን የሽቦ ካርታ በትልቅ ወረቀት፣ በባለቀለም እርሳስ ራስህ ሳለው። ጀርመኖቹ ለዚህ ሥርዓት አላቸው። ቀዩ ከባትሪ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ነው፣ ቁጥሩ 30። ጥቁሩ ቁልፍ ስታዞር የሚነቃው ነው፣ 15። ቡናማው ከቦዲ የሚታሰር ነው፣ 31። ይህን ከያዝክ ቦቢናው (ለካንዴላ ኃይል የሚሰጠው) ላይ 15 የሚለውን ስታይ ጥቁር ሽቦ መምጣት እንዳለበት ካርታ ሳታይ ታውቃለህ። ያንተ መኪና ሃምሳ ዓመት በላይ ስንት እጅ ነካክቷት ይሆናል። የእህትህ ልጅ ከዳሽቦርዱ ኋላ ፎቶ ያንሳልህና ካርታህ ላይ አስተያይ። ሰማያዊ ሽቦ በቀይ ቦታ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ቋጠሮ፣ የትም የማይሄድ ሽቦ… መርማሪ ፖሊስ ትሆናለህ።

ከዚያ ጣውላ አምጣ። ኬብሉ የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ላይ ምስማር ምታና አዲሱን ሽቦ በምስማሮቹ መሀል ዘርጋው። ጫፉን በጥንቃቄ ጨምቀህ፣ ወረቀት ላይ ጽፈህ ለጥፍበት። የኔ የኋላ መብራት ኬብል ሙሉ በሙሉ ሳሎን ውስጥ ነው የተሠራው። እንግዳ ሲመጣ ጣውላውን ከአልጋ ሥር እከተዋለሁ።

ብቻ መኪናህ 6 ቮልት ትሁን 12 መጀመሪያ አጣራ። ያንተ ዘመን መሸጋገሪያው ላይ ነው። ስድስቷ ወፍራም ሽቦ ትፈልጋለች።

እረፍ በቃ

ወንድም ሐኪሙ እረፍ ካለህ እረፋ። ቮልሷ የትም አትሄድ፣ ሞተር የላትም።

ባለ ቮልሱ (ጠያቂ)

ሃሃሃ። ይህቺን ሚስቴ አይታ ከልቧ ሳቀች። ማን እንደሆንክ ባውቅ ጥሩ ነበር፣ ከዘመዶቿ አንዱ ነህ።

ላዳ በመዳፍ

እኔ ከናንተ ለየት ያልኩ ነኝ። እውነተኛ መኪና የለኝም፣ ጋራዥም የለኝም። ትንንሽ ነው የምሠራው። ዱባይ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ፊያት 124 ሞዴል አስመጣለሁ፣ አንድ አርባ ሦስተኛ የሚባለውን መጠን። ከዚያ ላዳ አደርገዋለሁ።

ላዳ 2101 ከ124 ተገልብጣ የወጣች ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ። ከሩቅ ሲያዩዋት አንድ ናቸው። የበሩን እጀታ ግን እዩት። የጣሊያኑ ወጣ ብሎ በአውራ ጣት የሚጫኑት ነው፣ የሩሲያው ከቦዲው እኩል ገብቶ ተቀምጧል። ስለዚህ እጀታውን በሞረድ ጠርጌ፣ በመርፌ ጫፍ አዲስ ጎድጓዳ እቀርጻለሁ። አራት በር፣ አራት እጀታ፣ አንድ ሳምንት። ከዚያ ሰማያዊ፣ ጣሪያው ነጭ። የኋላ መስታወት ላይ ጥቅስ እጽፋለሁ፣ በባለ አንድ ፀጉር ብሩሽ። የዳሽቦርድ ምንጣፏን ከአሮጌ ቀይ ከፋይ ቆርጬ አነጠፍኩላት። እህቴ «አእምሮህ ደህና ነው?» አለችኝ።

ቀጥሎ ያሰብኩት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ቮልስ። መኪናዋ ቀላል ናት። ያስቸገረኝ ዙሪያዋ ያለው ሰው ነው፣ ሰው መሥራት አልችልም። ባለ ቮልሱ፣ እጅህ ሥራ ፈቶ ከሆነ ና ወታደር ቅረጽልኝ።

የድሬው 404

እኔ ድሬዳዋ ነኝ፣ መኪናዬ ፔጆ 404 ናት። ድሬና ሐረር ታክሲዎቻችን እነሱ እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ማርሿ መሪው ሥር ያለች፣ ለሰው ወንበር የማትነፍግ መኪና።

ቤት ስውል የማደርገው ኒኬሉን ማብራት ነው። የፋኖሱን ክብ፣ የበር እጀታውን፣ የመስታወት ማስጌጫውን አስመጣ። የአሉሚኒየም ወረቀት፣ ያ ምግብ የሚጠቀለልበት፣ አጨማደህ ውሃ ወይ ኮካ ንከረውና ዝገቱን እሸው። ቀላል ዝገት ይለቃል፣ ኒኬሉንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት አይጭረውም። የተላጠውን ግን አይመልስልህም፣ ተስፋ አትጣልበት።

መሪውም አለ። የድሮ መሪ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በቢላ ሰፋ አድርገህ፣ ሁለት ቱቦ የሚቀላቀለውን ማጣበቂያ ሞልተህ፣ ሲደርቅ በውሃ እያራስክ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። በውሃ ከሆነ አቧራ የለውም፣ እመቤቲቱም አይቆጡም።

ሌላ፦ የመኪናዋን ታሪክ ጻፍ። ሊብሬዋን አውጣ፣ ስሞቹን ተከታተል፣ ደውል። ያንተ ቻሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሀል ጉብታው ላይ ተመቷል። ወንበሩ ወጥቷል ብለሃል፣ እንግዲህ ልጁ በጨርቅ ጠርጎ ፎቶ ያንሳው። ከሊብሬው ጋር አንድ ካልሆነ ዛሬ ብታውቀው ይሻልሃል። ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም በዚያ ቁጥር መዝገብ አይቶ የልደት ወረቀት የሚመስል ነገር ይሰጣል፣ በክፍያ። መቼ እንደተሠራች፣ ቀለሟ ምን እንደነበር ታገኛለህ።

ባለ ቮልሱ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰው ታሞ እንዲህ አይደሰትም።

ካርቡራተሩ መጥቷል። ጋሼ፣ ባሉት መሠረት ግቢ ውስጥ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ሚስቴ አሸተተችው፣ አለፈ። አሁን ትሪው ላይ ተበትኗል፣ እንቁላሉንም ቁርስ አድርገነው ካርቶኑ ተለቋል። ትልቋ ልጄ ብሎን አቀባይ ሆናለች። የነዳጅ ፓምፗ ጎማ ደርቆ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ፣ የሚተካ ኪት ማፈላለግ ሊኖርብኝ ነው።

የቻሲ ቁጥሩ ፎቶም ደርሶኛል። ከሊብሬው ጋር ይገጥማል፣ እፎይ። ሊብሬው ላይ ግን ቀለሟ «ነጭ» ይላል፣ እኔ ደግሞ ያገኘኋት አረንጓዴ ሆና ነው። ከአረንጓዴው ሥር ልጁ በጥፍሩ ፍቆ ሰማያዊ አይቷል። ለቮልፍስቡርጎቹ መጻፌ አይቀርም።

እህቴ ከሜሪላንድ፣ ጣውላው ይቆየኝ። ምስማር መምታት ይጮሃል፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ሕፃን አላቸው። ካርታውን ግን ጀምሬያለሁ፣ የልጆቹን እርሳስ ተውሼ። ቡናማው አልቋል። ያ ሁሉ ከቦዲ የሚታሰር ሽቦ!

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። ከካርቡራተሩ በኋላ ዲስትሪቢውተሩን፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን፣ ላስመጣ ፈራሁ። ልጁ ሲመልሰው አዙሮ ቢገጥመውስ?

ፑንቲና

አትፍራ። የዲስትሪቢውተሩ የታችኛዋ ምላስ መሀል ላይ አይደለችም፣ ወደ አንድ ጎን ታደላለች። ተገልብጣ አትገባም፣ ቢታገላትም እምቢ ትለዋለች። ግን የመያዣውን ብሎን ሲፈታ፣ ከሥር ያለውን ቀለበት አይላቀው። ቀለበቱ ከተላቀቀ የማቃጠያ ጊዜው ይጠፋብሃል። ክዳኑ ላይ ያሉትን ገመዶች ደግሞ አንድ በአንድ ምልክት ያድርግባቸው። ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፣ በር ላይ ይለጥፈው።

ከመጣልህ ፑንቲናውን፣ ውስጡ እየተከፈተ የሚዘጋውን፣ ክፈተውና ጫፎቹን እይ። አንዱ ተቆፍሮ ሌላው አብጦ ከሆነ ቀይረው፣ በሞረድ አትድከም። ክፍተቱን 0.4 ሚሊ አድርገው። የመለኪያ ላሜ ከሌለህ ልጁን ወደኔ ላከው፣ ሁለት አለኝ። የነዳጅ ፓምፑንም ኪት አብረን እንፈልጋለን፣ ሶማሌ ተራ አንድ የማውቀው ሱቅ በካርቶን ያለ የድሮ ዕቃ አለው። ስልክ በውስጥ መልእክት ላክልኝ።